ኡንጫ በቀማሾች አፍ፤ የእንሰት ቂጣ ታሪክ በጋሞ ደጋ

ስለ አንድ ሕዝብ ምግብ የሚጽፍ መንገደኛ ሁሉ ሳያስበው ሁለት ገበታ ይገልጻል። አንደኛው በእንግድነት የተቀመጠበት ገበታ ነው፤ ሁለተኛው በልጅነቱ የለመደውና በልቡ ይዞት የመጣው ነው። ስለ እንሰት በተጻፉት የቆዩ መጻሕፍት ውስጥ ይህ ሁለተኛው ገበታ ብዙ ጊዜ ከፊተኛው ገዝፎ ይታያል። እኔም በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው ያሰብኩት ይህንኑ ነው፤ ይኸውም የጋሞ ደጋ ሕዝብ «ኡንጫ» የሚለው፣ በአማርኛ «ቆጮ» የምንለው የእንሰት ቂጣ በየጊዜው በቀመሱት ሰዎች አፍ እንዴት ያለ ፍርድ እንደ ተቀበለ፣ ፍርዱም በምን ላይ ቆሞ እንደ ተሰጠ ነው። ነገሩ የምላስ ጕዳይ ብቻ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ምግቡ በተናቀበት አገር ሁሉ አብሳይዋም አብራ መናቋን፣ የጋገረችበትም ዕውቀት ሳይጻፍ መቅረቱን እንዲያስብ እለምናለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኘው ዘመን ሁሉ የተቈጠረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ቃል ያስፈልጋል። አርባ ምንጭ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ርእሰ ከተማ ከጨንቻ ወደዚህ የወረደው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ ዛሬ ከተማዪቱ የጋሞ ዞን መቀመጫ ናት። ከዚህ ተነሥቶ ወደ ሰሜን 37 ኪሎ ሜትር ያህል የሚወጣው መንገድ በዶርዜ በኩል አድርጎ ጨንቻ ያደርሳል፤ የጨንቻም ከፍታ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። በዚሁ ደጋ ያለው የጉጌ ተራራ 4,200 ሜትር ይደርሳል። መንገደኛው ከቆላው ሲነሣ ግራና ቀኙ የሙዝ እርሻ ነው፤ የአርባ ምንጭ ሙዝ እስከ አዲስ አበባ ገበያ ይሄዳል። ዳገቱን ሲጀምር ሙዙ ይጠፋል። ብርዱ ሲሰማው ደግሞ በየቤቱ ጓሮ ሰፋፊ ቅጠል ያለው ተክል ብቅ ይላል፤ ለአገሩ አዲስ የሆነ ሰው «ሙዙ ተመለሰ» ብሎ ያስባል። ሙዝ ግን አይደለም፤ እንሰት ነው።

እንሰትን በሌላ ነገር መመዘን የቆየ ልማድ ነው። በ1625 ወደ ኢትዮጵያ የገባው ፖርቱጋላዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ጄሮኒሞ ሎቦ ስለዚህ ተክል ሲጽፍ፣ ሰዉ የድሆች ዛፍ እንደሚለው፣ ሆኖም ባለጸጎችም እንደ ልዩ ምግብ አድርገው እንደሚበሉት፣ ደግሞም ይህ ተክል ያለው ሰው ራብን ስለማይፈራ የራብ መከላከያ ዛፍ እንደሚባል ገልጿል። በዚህ አጭር ቃል ውስጥ ድሀና ባለጸጋ በአንድ ተክል ላይ ተገናኝተዋል። በኋላ ዘመን የተደጋገመው ግን ስለ ራብ የተባለው ብቻ ነው። በ1997 በአሜሪካ የታተመውና ዛሬም በሰፊው የሚጠቀሰው የእንሰት ጥናት እንኳ ርእሱን የወሰደው ከዚሁ ከራብ መከላከያነቱ ነው። የባለጸጎቹ ልዩ ምግብ የት እንደ ገባ የጠየቀ ጥቂት ነው። አንድ ምግብ ራብን በመከላከሉ ብቻ ሲመሰገን፣ ምስጋናው ራሱ ስውር ነቀፋ ይሆናል፤ ጠግቦ የሚያድር ሰው አይመኘውም ማለት ነውና።

ከሎቦ በኋላ ትልቁ ቀማሽ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ በ1769 በምጽዋ በኩል ገብቶ እንሰትን በጎንደርና ከጣና ሐይቅ በስተ ደቡብ ባለው አገር ተመለከተ፤ ሥዕሉንም አስነሥቶ በ1790 በአምስት ቅጽ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ አገባው። ስለ ጣዕሙ የሰጠው ፍርድ መልካም ነው፤ ተቀቅሎ በወተት ወይም በቅቤ ሲበላ ጤናማና ገንቢ መሆኑን ይመሰክራል። ነገር ግን ጣዕሙን ለአገሩ ሰው ለማስረዳት ሲፈልግ ያገኘው ምሳሌ ጥሩ የስንዴ ዳቦ ነው፤ ያውም በደንብ ያልበሰለ። ብሩስ ይህን ያለው ለማመስገን እንደ ሆነ አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ እንሰት በአውሮፓ መጻሕፍት ውስጥ የገባው እንዲህ ሆኖ ነው፤ ራሱን ችሎ ሳይሆን አንድ ነገር የጐደለው ስንዴ ሆኖ።

ስሙም ከዚህ አላመለጠም። ብሩስ ራሱ እንሰት ሙዝ አይደለም ብሎ አጥብቆ ተከራክሯል። መጽሐፉ በታተመ በዓመቱ ግን በ1791 ጀርመናዊው ግሜሊን ተክሉን በሙዝ ወገን ውስጥ አስገብቶ ስም አወጣለት። በ1862 ሆራኒኖቭ የተባለ የሩሲያ ሊቅ ወገኑን ለይቶ «ኤንሴቴ» አለው፤ ይህም ሳይጸና ቈይቶ በ1947 እንግሊዛዊው ቺዝማን የሙዝን ዘር ሁሉ እንደ ገና ሲመድብ አጸናው። ብሩስ ትክክል መሆኑ የታወቀለት ከ157 ዓመት በኋላ ነው። ይህም ሁሉ ሆኖ ፈረንጆች በተራ ንግግር ተክሉን እስከ ዛሬ «ሐሰተኛ ሙዝ» ይሉታል። ያልበሰለ ዳቦና እውነተኛ ያልሆነ ሙዝ፤ ለአንድ ተክል ሁለት ስም፣ ሁለቱም በጕድለት የተሰጡ።

እዚህ ላይ ፈረንጆቹን ብቻ መውቀስ አይገባም። የሰሜኑ የአገራችን ሰው እንሰትን «ኮባ» ይለዋል። ፍሬዴሪክ ሲሞንስ በ1960 ስለ ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ባሳተመው መጽሐፍ እንዳመለከተው፣ ተክሉ በዚያ አገር ቢገኝም ለምግብ መዋሉ ቀርቷል። ቅጠሉ ግን አልቀረም። ድፎ ዳቦ የሚጋገረው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ነው፤ ከትኵሱ ድፎ የሚወጣው፣ የበዓል ሽታ ብለን የምንናፍቀው መዓዛ ከስንዴው ብቻ አይደለም፣ ከቅጠሉም ነው። የጋሞ ኡንጫም ምጣድ ላይ የሚወጣው በዚያው ቅጠል ተሸፍኖ ነው። እንግዲህ ኡንጫ ሲቀርብለት አፍንጫውን የሚይዝ፣ ድፎ ሲቈረስ ግን መዓዛውን የሚያደንቅ ሰው የሁለቱ ሽታ በአንድ ተክል መገናኘቱን አላስተዋለም። እኔም ከነዚህ ሰዎች አንዱ ነበርኩ።

ብሩስ በመጽሐፉ የገለጸው ተቀቅሎ የሚበላውን ግንድ ነው፤ የኡንጫ ነገር ሌላ ነው። ኡንጫ የጕድጓድ ሥራ ነውና፣ ስለ ጕድጓዱ ሳያውቁ ስለ ጣዕሙ መናገር ስለ ጠጅ ሳይጠነሰስ እንደ መፍረድ ነው። እንሰቱ ለመቈረጥ የሚደርሰው ከአራት እስከ ስምንት ዓመት ቈይቶ ነው፤ በብርዱ ደጋ ከዚያም ይዘገያል። የሚበቅለው በቤቱ ዙሪያ ነው፣ ፋንድያም ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከብት የሌለው ሰው እንሰቱም ቀጭን ነው። ሴቶቹ ግንዱን ልጣጭ በልጣጭ ይለያዩና ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ አስደግፈው በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቁታል። ጭማቂው ወርዶ ሲረጋ ነጩ ዝቃጭ ቡላ ይሆናል፤ የሚቀረው ጭረት ቃጫ ነው። አሚቾ የሚባለው ሥሩ ደግሞ በጥርሳም እንጨት ይደቈሳል። ከዚህ በኋላ የተፋቀውና የተደቈሰው ተደባልቆ በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጕድጓድ ውስጥ ይገባል፤ ቅጠል ይለብሳል፤ ድንጋይ ይጫንበታል። በየጊዜው ይከፈታል፣ ይገላበጣል፣ ቅጠሉ ይለወጣል። ሊጋገር ሲል ውሃው ይጨመቃል፤ ሊጡ በቢላዋ ደጋግሞ ይከተከታል፤ በዚህም የቀረው ጭረት ይደቅቃል። ኡንጫው ጥርስ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ጥፋቱ የእንሰቱ አይደለም፤ በከተከታው ላይ የተቻኰለ ሰው አለ ማለት ነው።

በጕድጓዱ ውስጥ የሚሆነውን ነገር በዘመናዊ መሣሪያ ከመረመሩት መካከል ጋሼ የተባሉት ኢትዮጵያዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ ይገኛሉ። በ1987 ያሳተሙት ጥናት እንዳስረዳው፣ እርጎንና የእንጀራን ሊጥ ከሚያኮመጥጡት ጋር የሚዛመዱ ረቂቅ ሕዋሳት በተራ እየተተካኩ ሊጡን ቀስ በቀስ ያኮመጥጡታል፤ አንዱ ወገን ይጀምረዋል፣ ኮምጣጣነቱ ለእርሱ ሲበዛበት ሌላው ይረከበዋል። ኮምጣጣነቱም ሊጡን ከብልሽት ይጠብቃል። በቆላ ይህ በጥቂት ሳምንታት ያልቃል፤ በጨንቻ ብርድ ግን ወራት ይፈጃል፣ ለብዙ ጊዜ እንዲቈይ ታስቦ የሚቀበረውም አለ። ስለዚህ «የኡንጫ ጣዕም» ብሎ በነጠላ መናገር አይቻልም። የሁለት ወር አለ፣ የዓመት አለ፤ አሚቾ የበዛበት አለ፣ ግንድ የበዛበት አለ፤ ከጕድጓዱ አፍ የተወሰደ አለ፣ ከግርጌው የተወሰደ አለ።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ በስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጨንቻ አካባቢ በአንድ ቤት በእንግድነት ተቀምጬ ነበር። ባልቴቲቱ የቤት እመቤት ነጭ፣ ስስ፣ ትኵስ ኡንጫ ከዳጣና ከማር ጋር አቀረቡልኝ። ቀመስኩና በማስታወሻዬ ላይ «ለስላሳ፤ ጣዕሙ ደካማ፤ ማሩ ባይኖር የማይበላ» ብዬ ጻፍኩ። በኋላ ልጃቸው እያስተረጐመልኝ፣ «እማማ፣ እናንተስ በየቀኑ የምትበሉት ይህንኑ ነውን?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሣቁ። «ይህ የእንግዳ ነው፤ የእኛ ያስፈራሃል ብዬ ነው ልጄ» አሉኝ። ጥቂት ቈይተው ከሌላ ጕድጓድ የወጣ፣ መልኩ ጠቈር ያለ፣ ዳርና ዳሩ ምጣድ የነካው ወፍራም ኡንጫ አመጡ። መጀመሪያ አፍንጫን የሚነካ ጠንካራ ሽታ አለው፤ ወደ አፍ ሲገባ ግን ይለወጣል፤ ኮምጣጣነቱ ንጹሕ ነው፣ ከኋላው ቅባት ያለው የሚመስል ጣዕም ይተዋል፣ ቅቤና ጨው ሲነካው ደግሞ ሙሉ ይሆናል። በውጭ አገር ስማር ሻጋታ የሸፈነውን ያረጀ አይብ ሰዎች በውድ ዋጋ እየገዙ ሽታውን ሲያደንቁ አይቼ ነበር፤ እኔም እንደ እነርሱ ማድነቅን እንደ ሥልጣኔ ቈጥሬ ተምሬዋለሁ። በጨንቻ ግን ያን ትምህርት እቤቴ ረስቼው ሄጄ ኖሯል።

በማስታወሻዬ ላይ የፈረድኩበት ኡንጫ እንግዲህ የጋሞ ኡንጫ አልነበረም። የኔን ፍርድ በመፍራት፣ ለኔ ምላስ ታስቦ የተሠራ ነው። ቀማሹ ገና ሳይቀምስ የምግቡን ጣዕም ለውጦታል። ይህ ነገር በብዙ የመንገደኞች መጻሕፍት ውስጥ ተደጋግሞ የሆነ ይመስለኛል፤ ባለ ቤቱ የደበቀውን እንግዳው የለም ብሎ ይጽፋል።

ባለ ቤቱ ለምን ይደብቃል? ለዚህ መልሱ ታሪክ ነው። የዐፄ ምኒልክ ሠራዊት የጋሞን አገር ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ያገናኘው በ1890ዎቹ ነው። ከሠራዊቱ ጋር የመጣው ሰው እህል በሊታ ነበር፤ በደቡብ አገሮች በተተከለው የገባር ሥርዓት የገባሩ ሚስት ለነፍጠኛው ቤት እህል መፍጨት ግዴታዋ ነበር። በገዛ ቤቷ እንሰት ስትፍቅ የዋለችው ሴት በሌላው ቤት ወፍጮ ላይ ትጐነበሳለች። የእህልና የእንሰት ልዩነት በዚህ ጊዜ የጣዕም ልዩነት መሆኑ ቀርቶ የአዛዥና የታዛዥ ልዩነት ሆነ። ከዚያም የኢጣልያ ወረራ ዘመን መጣ። «ፉርኖ» የሚለው የኢጣልያንኛ ቃል ምድጃ ማለት ሆኖ ሳለ በእኛ ዘንድ የዳቦና የዱቄት ስም ሆኖ ቀረ፤ በከተማም መኖር ማለት ፉርኖ ዳቦ መብላት መሰለ። ዛሬ በአርባ ምንጭ በሲቀላና በሴቻ ሰፈሮች ጧት የሚሸጠው ዳቦ፣ ፓስቲና ቦምቦሊኖ ነው፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ስሞችም ከዚያው ከኢጣልያ የመጡ ናቸው።

በማስተምርበት ክፍል አንድ ጊዜ ተማሪዎቼ በመስቀል በዓል በቤታቸው የበሉትን ሁሉ እንዲጽፉ አዘዝኳቸው። ከደጋው የመጡት ብዙዎቹ «ዳቦ» ብለው ጻፉ። ትምህርቱ ካለቀ በኋላ አንዱ ለብቻው ወደ እኔ መጥቶ፣ «መምህር፣ ኡንጫ ነበር፤ ጮኸው ሲነበብ እንዳይሣቅብኝ ብዬ ነው» አለኝ። የገባር ሥርዓት በ1941 ተሻረ ተብሎ ታወጀ፤ መሬትም በ1975 ለአራሹ ሆነ። ያ ልጅ ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ የተወለደ ነው።

ለጋሞ ሕዝብ አድልቼ እንዳይመስል፣ በውስጡ ያለውንም መናገር ይገባል። በጋሞ ማኅበር ውስጥ ገበሬውና ሸማኔው ማላ ይባላል፤ ሸክላ ሠሪው ማና፣ ቈዳ ፋቂው ደጋላ ነው። በቆየው ልማድ ማላ ከማናም ከደጋላም ጋር አይጋባም፤ በአንድ ገበታም አብሮ አይቀርብም። ዴና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት በ2003 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደሚታየው፣ እንዲህ ያለ መለያየት በኢትዮጵያ በብዙ ሕዝብ ዘንድ ያለ ነው። ነገር ግን ኡንጫው የሚጋገርበት ምጣድ የማና ሴት እጅ ሥራ ነው። እሷ ካልጠፈጠፈችውና ካልተኰሰችው ማላው ኡንጫ የለውም። ምጣዷ ወደ ቤት ይገባል፣ እሷ ደጅ ትቀራለች። የሰሜኑ ሰው በማላው ምግብ ላይ የፈረደውን ፍርድ ማላው በማናዋ ላይ ፈርዷል ማለት ነው፤ ልዩነቱ ማላው ለፍርዱ የምግቡን ጣዕም ምክንያት አለማድረጉ ነው። ከ1974 አብዮት ወዲህ ይህ ልማድ ብዙ ላልቷል፤ ፈጽሞ ጠፋ ማለት ግን አይቻልም።

ሊቃውንቱ ይህን ጕዳይ ከልዩ ልዩ ወገን ነክተውታል። ጀርመናዊው ሄልሙት ሽትራውበ በ1963 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ የጋሞን ባህል ከአካባቢው ሕዝቦች ባህል ጋር መዝግቧል። ዊልያም ሻክ በ1966 ስለ ጉራጌ ሲጽፍ የሕዝቡን መላ ኑሮ በእንሰት ዙሪያ አደረገው፤ ስለ እንሰት ባህል የሚያጠና ተማሪ ከዚህ መጽሐፍ ቢጀምር ይጠቀማል። በዶርዜ የተቀመጠው ፈረንሳዊው ዳን ስፐርበር በ1974 ባወጣው መጽሐፉ፣ ባለ ማዕርግ በራሱ ላይ የሚያደርገው ቅቤ በገበታ ላይ ካለው የቅቤ አጠቃቀም ጋር ካልተነጻጸረ ትርጕሙ እንደማይገኝ አስረድቷል። ለእኔ ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ ግን የአሜሪካዊው የከርሰ ምድር ሊቅ የጆን አርተር ሥራ ነው። አርተር በጋሞ የሸክላ ዕቃዎችን ሲመረምር የገብስ መጠጥ የሚጠነሰስባቸው ማሰሮዎች ውስጣቸው በኮምጣጣው ተበልቶ አገኘ፤ አዘውትሮ መጠንሰስ የሚችለው እህል የተረፈው ባለጸጋ ስለ ሆነ፣ የተበላው ሸክላ የሀብት ምስክር ነው ብሎ በ2003 ጻፈ። ኡንጫ እንዲህ ያለ ምስክር የለውም። በዚያው ደጋ በሞታ ዋሻ የተገኘውና በ2015 የዘር ቅንጣቱ የተነበበለት ሰው ከ4,500 ዓመት በፊት የኖረ ነው፤ ምን ይበላ እንደ ነበረ ጕድጓድና ቅጠል አይነግሩንም፤ ቅጠል ይበሰብሳል፣ ጕድጓድ ይደፈናል። የኡንጫ ታሪክ ማስረጃው በሚበዛው የቀማሾች ቃል ብቻ የሆነው፣ ቃሉም በጥንቃቄ መመዘን ያለበት ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ንጽጽሩ ልመለስ። በአዲስ አበባ ቆጮ የታወቀው በጉራጌዎች በኩል ነው፤ ስስ ሆኖ ከክትፎ ጋር ይቀርባል። ሰው ክትፎ ልብላ ብሎ ይሄዳል እንጂ ቆጮ ልብላ ብሎ የሚሄድ የለም፤ ቆጮ በከተማ የከበረው ከሥጋ ጋር በመወዳጀቱ ነው። በሲዳማ «ዋሳ» ይባላል፤ ቅቤ ጠግቦ ቡርሳሜ ሲሆን ራሱ የገበታው ጌታ ነው፣ ለእንግዳም የሚቀርበው በኩራት ነው። እንደ እኔ ፍርድ ከእንሰት ምግቦች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ የጋሞ ወዳጆቼ ይቅር ይበሉኝ። የጋሞው ያረጀ ኡንጫ ደግሞ ከሁለቱም ይልቅ የጕድጓዱን ጣዕም ሳይሸፍን ያቀርባል። ለዚህም ነው በመጀመሪያ የሚከብደው፣ ከለመዱት በኋላ ግን የሌላው አልጫ የሚመስለው።

በዶርዜ ሌላ ዓይነት ኡንጫ ተወልዷል። ጐብኚዎች የቀርከሃውን ረጃጅም ቤት ሊያዩ ሲመጡ በፊታቸው እንሰት ይፋቃል፤ ስስ ኡንጫ ይጋገራል፤ ከዳጣ፣ ከማርና ከአረቄ ጋር ይቀርባል። ይህን የሚነቅፉ ሰዎች አሉ። እኔ አልነቅፈውም፤ ሴቶቹ ገንዘብ ያገኙበታል፣ የሥራውም ክብር በእንግዳ ዐይን ፊት ይታያል። ነገር ግን በመጽሐፍና በሥዕል «የጋሞ ባህላዊ ምግብ» ተብሎ የሚታወቀው ይህ ብቻ ከሆነ፣ በሸዋ ገበታ አምሮ እንዲታይ ማር የተቀባው ኡንጫ የሌላውን ስም ይወስዳል። ከአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ለመስቀል ወደ አገራቸው የሚወጡት ሸማኔዎች የሚናፍቁት ማር የተቀባውን አይደለም።

ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ላምጣ። በጋሞና በወላይታ ጎደሬ የሚባለው ሥራ ሥር ተቀቅሎ ይበላል፤ ለክብር እንግዳ የሚያቀርበው ጥቂት ነው። ያው ጎደሬ በታይዋን ደሴት፣ በታይቹንግ ከተማ ዳጂያ በሚባለው ወረዳ ይበቅላል፤ እዚያ ግን ተፈጭቶ፣ በስኳር ተለውሶ፣ ድርብርብ በሆነ ስስ ሊጥ ተጠቅልሎ ይጋገርና በሣጥን ተደርጎ የስጦታ ኬክ ይሆናል። ስኳር ድንችም በዚያ ደሴት በድሮ ዘመን ሩዝ ለሌለው ድሀ የሩዝ ምትክ ነበር፤ ዛሬ በጣፋጭ መልክ ይሸጣል። እንግዲህ የአንድ ሥር ማዕርግ በሥሩ ውስጥ አለመኖሩ ግልጽ ነው። ሆኖም ምሳሌው ወደ ሌላም ጥያቄ ይወስደኛል፤ የድሀው ምግብ ሲከብር የሚከብረው ጣፋጭ ሆኖ ብቻ ነውን? ጎደሬ ከስኳር ጋር ይስማማል። የኡንጫ ክብር ግን በኮምጣጣነቱ ውስጥ ነው፤ ያ ከተወሰደበት የሚቀረው የብሩስ ያልበሰለ ዳቦ ነው።

ይህ ጥያቄ ለጊዜው የሚተላለፍ አይደለም። የእንሰት አጠውልግ በሽታ በሳይንስ ስሙ ከታወቀበት ከ1968 ጀምሮ በየአገሩ ጓሮ እየገባ ብዙ እንሰት አጥፍቷል፤ ገበሬውም በሽታ ይችላል የተባለውን ዘር እየመረጠ ሌላውን ሲተው፣ ለጣዕሙ ብቻ ይተከል የነበረው አብሮ ይጠፋል። በሌላ ወገን በ2022 መጀመሪያ የተነገረው ጥናት እንሰት ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ቢስፋፋ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ሊመግብ እንደሚችል ገመተ፤ ዓለምም «ተአምረኛ ተክል» እያለ ማውራት ጀመረ። በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የመፋቂያ መሣሪያና በጕድጓድ ፈንታ የሚያገለግል ማብላሊያ ዕቃ ተሠርቷል፤ ጊዜውን የሚያሳጥር እርሾም ተጠንቷል። የሴቶችን ወገብ ከሚሰብር ሥራ የሚያሳርፍ ነገር ሁሉ የተመሰገነ ነው፤ ጕድጓዱ ለዘላለም ይኑር የሚል ሰው መጀመሪያ አንድ ቀን ይፋቅ። ነገር ግን አንድ ዓይነት እርሾ አንድ ዓይነት ጣዕም ይሰጣል። የዓመቱና የሁለት ወሩ፣ የግርጌውና የአፉ ልዩነት በማብላሊያ ዕቃው ውስጥ ቦታ የለውም። ለእያንዳንዱ ደረጃ በየደሬው ያለውን ስም፣ ለማን እንደሚቀርብ፣ በየትኛው በዓል እንደሚከፈት የሚመዘግብ ተማሪ ያስፈልጋል። መዝጋቢውም እንደ እኔ ለእንግዳ የተጋገረውን ቀምሶ እንዳይመለስ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይሂድ፤ በሁለተኛው ጊዜ ሳያስታውቅ።

እኔ ለሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ባልቴቲቱ ማር አላቀረቡልኝም። ወደ ጓሮ ይዘውኝ ወጡና ድንጋዩን አንሥተው የአንዱን ጕድጓድ ቅጠል ገለጡ። መቼ እንደ ደረሰ በምን እንደሚያውቁ ጠየቅኋቸው። ከሊጡ ቈንጥረው በጣታቸው መካከል አሹት፤ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፤ ለእኔም ዘረጉልኝ። ለእኔ የደረሰ መሰለኝ። እሳቸው ግን ቅጠሉን መልሰው ከደኑና ድንጋዩን እየጫኑ «ገና ነው» አሉ።